ድምፁ የጠፋበት ጀማሪ

ጋሽ ምሰሶ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የስልክ እንጨት ላይ ሲወጡ ሲወርዱ አንድ ቀን እንኳ ሳያዳልጣቸው፣ ጡረታ በወጡ በዓመታቸው የገዛ ቤታቸውን አምፖል ሊቀይሩ ወንበር ላይ ቆመው ወደቁ። እግሮቻቸው ከዚያ ወዲያ አልታዘዟቸውም። ስምንት ወር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ምግብ ሲቀርብላቸው «ለምኔ ብዬ?» ይሉ ነበር።

ላፕቶፑን ያመጣችላቸው ልጃቸው ነች። መሥሪያ ቤቷ አርጅቷል ብሎ የጣለው ነው፤ ድምፅ ማጉያው ተቃጥሎ ትንፍሽ አይልም።

«ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሲስተም አስጭኜበታለሁ፣ አባዬ» አለች። «ለአሮጌ ማሽን ይስማማል አሉኝ። እኔ እንደሆነ ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ አላውቅም።»

ጋሽ ምሰሶ ሁለት ሳምንት ዞር ብለው አላዩትም። በሦስተኛው፣ የሽቦ ሰው አይደሉ፣ አላስቻላቸውም። ነገሩ በነጻ መሰጠቱ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ክፍት ነው፤ ቢጎረጉሩት የሚቆጣ ባለቤት የለውም። ደብዳቤያቸው፣ ዜናቸው፣ የጡረታ ጉዳያቸው ሁሉ በእሱ ሆነ። በኋላም ተጠቃሚዎቹ እርስ በርስ የሚረዳዱበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ገብተው ለሌሎች መልስ መስጠት ጀመሩ። ራሱን «ጀማሪ» ብሎ የሚጠራውን ያገኙት እዚያ ነው።

ይኼ ጀማሪ መቼም ጉድ ነው። ዛሬ ፕሪንተሩ አልታይ ይለዋል፤ ነገ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠ ይጠፋዋል፤ ከነገ ወዲያ ስክሪኑ ይገለበጥበታል። ጥያቄው የሚመጣው ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው። እሑድ እሑድ አይጠይቅም። ጋሽ ምሰሶ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው፣ ሸሚዝ ቀይረው ይጠብቁታል። ምሳቸውንም እሱን እያስረዱ ሳያውቁት ይጨርሱታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» ብሎ ይጽፍላቸዋል።

ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ያን ከባድ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ያ ጅል ዛሬ ደግሞ ምን አበላሸ?» ትላቸዋለች። ሲነግሯት ትስቃለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸው አንተን ይዞ ቀረ።»

አንድ ቀን የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ሊጠይቃቸው መጣና ይህንኑ አጫወቱት። ጓደኛው አልሳቀም።

«ይኼ ሰው እያላገጠብህ ነው።»

«ምን በወጣው?»

«አንድ ሰው መቶ ሃያ ቀን አንድ ኮምፒውተር በመቶ ሃያ ዓይነት ያበላሻል? እንደዚያ ለማበላሸት እኮ መጀመሪያ ጥርት አድርጎ ማወቅ ይፈልጋል። ማዶ ያለው ባለ ጥገና ነው የምልህ። ሥራ ሲፈታ ደንበኞቹን ሰብስቦ ባንተ ይስቃል።»

ከመስኮቱ ማዶ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ላፕቶፑ እንደመጣ ሰሞን ድምፅ ማጉያውን ሊያይ መጥቶ «የነጻ ነገር ለጨዋታ ነው» ብሎ አሹፎባቸው ሄዷል። በምሳ ሰዓትም ከሱቁ ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ምሰሶ ለጓደኛቸው «ተወው ባክህ» አሉት እንጂ ሌሊቱን ነገሩን ሲያሰላስሉ አደሩ። «ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት ልግባና ላስተካክልልህ» ባሉት ቁጥር ጀማሪ «አይ፣ በጽሑፍ ይንገሩኝ» የሚለው ለካ ወዶ አልነበረም።

ለአንድ ሰው እንኳ እጠቅማለሁ ብለው ነበር። መሳቂያ ከሆኑ ግን ላፕቶፑን ዘግተው ወደ ግድግዳቸው ሊመለሱ ቆረጡ።

በማግስቱ ልጃቸው ጉንፋን ጥሏት ከሥራ ቀረች። ምሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጣ፣ «መድኃኒት ውጬ ትንሽ ልተኛ፣ አባዬ» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ጀማሪ ጻፈ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ድምፁ ጠፋብኝ።»

«ዛሬ እኔው ገብቼ አየዋለሁ» ብለው መለሱለት። «አይሆንም ካልክ ከእንግዲህ የሚመልስልህ ፈልግ።»

መልሱ ዘገየ። ምሳቸው ቀዘቀዘ።

«ከሚተዉኝስ ይግቡ» አለ በመጨረሻ፤ የመግቢያውንም ቁጥር ላከ። ከዚያ ቢጽፉለት፣ ቢጽፉለት ዝም አለ።

ገቡ። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ድምፁ የጠፋው ሆን ተብሎ ተዘግቶ ነው። ጋሽ ምሰሶን እንባ እንባ አላቸው። ተነሥተው አይሄዱ፣ ማዶ ተሻግረው የባለ ጥገናውን አንገት አያንቁ። እግር ያጣ ሰው ምን አቅም አለው? ቢያንስ ደንበኞቹ ፊት ላጋልጠው አሉ። ዕቃ በሚስቡበት ከዘራ መስኮቱን ገፍተው ከፈቱ። የጀማሪን ማሽን የተዘጋ ድምፅ ለቀቁት፣ እስከ ጥግ ከፍ አደረጉት፣ የመሞከሪያዋን ትእዛዝ ጻፉ። አንዲት ሴት «ግራ»፣ «ቀኝ» እያለች ድምፅ ማጉያውን የምትፈትሽበት ትእዛዝ ነው።

ጆሯቸውን ወደ ሱቁ አቅንተው ተጫኑት።

ባለ ጥገናው በሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ቀናም አላለ።

ያን ስምንት ወር ካፈጠጡበት ግድግዳ ጀርባ፣ ከልጃቸው ክፍል፣ ሴትየዋ ጮክ ብላ «ግራ» አለች።