የጸደቀው ካርታ

የሚያብጠው ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የቀረውም አንድ ብቻ ነበር። መምህርት ትርሲት የአገሪቱን ካርታ በጥቁር ቀለም አተመችበት። ማሞቂያው ውስጥ ሲገባ ጥቁሩ ሙቀቱን ይስባል፤ ከሥሩ ያለው ወረቀት ያብጥና ከፍ ይላል። ያኔ ዓይነ ስውራን ተማሪዎቿ ወንዞቹን በጣታቸው ይከተላሉ።

ዳይሬክተሩ ግን ያላጸደቁት ነገር ክፍል አይገባም።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ አይደለም" አለቻቸው።

"ያልተፈረመበትን ነገር ማን ያምነዋል ልጄ?" አሉና ጥቁር እስክሪብቷቸውን አውጥተው ካርታው ላይ ከዳር እስከ ዳር ፈረሙ። እንደ ልማዳቸውም ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ "ለታሪክ ይሁን" ብለው በገዛ እጃቸው ማሞቂያው ውስጥ ከተቱት።

ካርታውን መጀመሪያ የዳሰሰችው የስድስተኛ ክፍሏ ዝናሽ ነበረች። ዳይሬክተሩ አጠገቧ ቆመው፣ "በይ እስቲ ዓባይን አሳዪን" አሏት።

ጣቷ ከጣና ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ ቆም አለ። ከዚያ እየተጠማዘዘ፣ እየወጣ እየወረደ አገሩን ሁሉ አቋረጠ። ፊቷ በራ።

"ጋሼ፣ ከዓባይ የሚበልጥ ወንዝ እንዳለን እኮ ማንም አልነገረንም!" አለች። "ከሥሩም ሁለት መንገድ ሠርተውለታል።"