የሂሩት መሸኛ መዝሙር

«አገጭሽን ተይው፤ እሱ አይደለም የሚዘምረው» አለች ሂሩት፣ ሂና የተቀቡ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች።

ሄራን አፏን ገጠመች። ሂሩት ነገ ሙሽራ ናት። ሂናው እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ምንም እንዳትነካ ስለተነገራት አልጋዋ ጫፍ ላይ እጇን ሰቅላ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ሥር ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ብረት ያንኳኳሉ፤ ከጓሮ በሲዳምኛ የሚጫወቱ ሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ሁለቱ በሚዘምሩበት የቤተ ክርስቲያን ኳየር፣ ከአባላቱ አንድ ሰው ባገባ ቁጥር የሚሸኙበት አንድ መዝሙር አላቸው። አምስት ዓመት ሙሉ የመራችው ሂሩት ናት። ሙሽራ ግን ለራሷ አትዘምርም፤ ነገ ሌላ ሰው መምራት አለበት። ይሄ ሲነሳ ሄራን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት እጇን አውጥታ «እኔ ልሞክር» አለች። ለምን እንዳወጣች ለማንም አልተናገረችም። የኳየሩ መሪ ፊልሞን ትንሽ ተገርሞ አያት፤ አንዴ አዘምሯት ሲያበቃም «ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ልምምድ ላይ እሰማሻለሁ። መጨረሻው እንዲህ ደርቆ ከቀረ ግን ለሌላዋ ዘማሪ፣ ለሮማን፣ እሰጠዋለሁ» አላት። ቅዳሜ ዛሬ ነው።

መዝሙሩ የሚያልቀው «ጎጇቸውን ጠብቅ፣ አባ» ብሎ ነው። ሂሩት ያቺን «አባ» ስትይዛት ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ በራሱ ጊዜ መርገብገብ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቅ ላይ እንደሚታየው ሞገድ። መዘምራኑ ቫይብሬሽን ይሉታል። ሄራንም ድምፅ በሚያስተጋባው የማይክራፎኑ ኢኮ ስትዘምር ያላት ይመስላል። ኢኮው ሲዘጋ ግን የእሷ ድምፅ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ሦስት ዓመት ከሁለተኛው ረድፍ ሆና ሂሩትን ስታያት፣ መጨረሻው ላይ አገጯ ትንሽ እንደሚንቀሳቀስ ልብ ብላለች። ምስጢሩ እዚያ ያለ መስሏት ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ የራሷን አገጭ ስታንቀጠቅጥ ከረመች።

«ያየሽው የኔን ክፉ ልማድ ነው» አለች ሂሩት። «እናቴ ራሷ ‹መድረክ ላይ ምንድነው የምታኝኪው› ትለኛለች። ነይ ወደዚህ።» በእጇ መንካት ስለማትችል በክርኗ የሄራንን ሆድ ገፋ አደረገችው። «ከዚህ ነው። ትንፋሽሽን እኩል ልቀቂው፤ ጉሮሮሽን አትያዢው። ሁለት ድምፅ ውሰጂ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። ቀስ ብለሽ ተመላለሺባቸው። ከዚያ ፍጠኚ። ከዚያ ተይው።»

«ተይው ማለት?»

«ተይው ነዋ። ራሱ ይሄዳል።»

ሄራን ጀመረች። ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች። መፍጠን ስትጀምር በሩ ተከፈተና የሂሩት አክስት፣ ቢላዋ እንደያዙ፣ አንገታቸውን አስገቡ።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ እማማ። እየተለማመድን ነው።»

«እኔማ የምታለቅሺ መስሎኝ። ልቅሶውን ለነገ አቆዪው፤ ለዛሬ ሽንኩርቱ ይበቃናል።» በሩን መልሰው ዘጉት።

ሂሩት እጆቿን ወደ ጣሪያው እንደዘረጋች በጀርባዋ ተንጋላ ሳቀች። ሄራንም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ለቀቃት። ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ሁለት ሻንጣ ተዘግቶ ቆሟል። ሂሩት ሰኞ ጠዋት ከሙሽራው ከሕዝቅያስ ጋር ወደ ጂንካ ትሄዳለች፤ የእሱ ሥራ እዚያ ነው።

«ሂሩትዬ።»

«ወዬ።»

«እዚያ ኳየር አለ?»

«ይኖራል። የሌለበት የት አለ?» ሂሩት በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «አንቺ ግን ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

ምን ትበላት? ሰው ሄዶ ድምፁ ብቻውን እንደማይቀር ታውቃለች። ያንን መርገብገብ ልክ እንደ ሂሩት አድርጋ ከያዘችው ግን፣ እሑድ እሑድ ከሂሩት የሆነ ነገር አብሯት የሚቆይ መስሏታል።

«ዐይንሽን ጨፍኚ» አለች ሂሩት። «እኔን አትመልከቺ።»

ጨፈነች። ወጣች፣ ወረደች፣ ፈጠነች፤ ከዚያ ተወችው። ድምፁ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ። ጉሮሮዋ ውስጥ ሁልጊዜ አጥብቃ የምትይዘው ነገር ላላ፤ ሞገዱ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ልትይዘው ስትል ጠፋ።

«መጣልሽ» አለች ሂሩት ዝግ ብላ።

«እንዳንቺ ነው?»

ሂሩት ዋሽታት አታውቅም። «አይደለም። የኔ ይፈጥናል። ያንቺ ዘግየት ይላል፣ ሰፋ ይላል። የራስሽ ነው። ፊልሞን ይወደዋል፣ ታያለሽ።»

ሄራን ደስ አላት። ከደስታው ሥር ግን የሆነ ቦታ ባዶ ቀረ። ሂሩት የምትሄደው ድምፅዋን ሙሉ በሙሉ ይዛ ነው። ሄራን ደግሞ ሦስት ዓመት የእሷን ጉሮሮና አገጭ ስትሰልል፣ እንዲያው ዝም ብላ የሰማቻትበትን አንድ ቀን ብትፈልግ ትዝ አላላትም።

«በይ፣ ሙሉውን ከመጀመሪያው። ዐይንሽን እንዳትገልጪ።»

ዘመረች። «ጎጇቸውን» ላይ ስትደርስ ከሥር ሌላ ድምፅ ገባ። ሁልጊዜ የምትመራው ሂሩት፣ ዝቅ ብላ ሁለተኛውን ድምፅ ይዛለች። «አባ» ላይ ሁለቱም ቆዩ፤ አንዱ እየፈጠነ፣ አንዱ እየዘገየ፣ ጎን ለጎን። ውጭ ብረት መንኳኳቱ ቆመ።

ሄራን የቻለችውን ያህል ያዘችው። ትንፋሿ አልቆ ስታቆም ሂሩት ገና አላቆመችም ነበር። ሄራን እንዳትረብሻት መተንፈሱንም አዘገየችውና፣ ጨፍና ሰማቻት።