ግማሽ ስንዝር

ገድሉ ካለ አለ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል። «ይህ ባሌስትራ ዓመት አይቆይም» ካለ አይቆይም፤ «ገና ነው፣ አትቀይረው» ካለም ሰው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። የመሪጌታ ልጅ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሲኖር እጁን ግራሶ ቢያቆሽሸውም ምላሱን ውሸት አላቆሸሸውም። ፍርድ ቤት እንኳ የመኪና አደጋ ነገር ሲጠጥርበት ባለሙያ ብሎ የሚጠራው እሱን ነበር።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ልጁ ይትባረክ ከዱርቤቴ ሲመለስ የቤታቸውን አረንጓዴ ላንድክሩዘር ግቢው ጥግ አስጠግቶ አቆማት። የግራ መብራቷ ረግፏል፤ የፊት መከላከያዋ ጎብጧል። የልጁን እጅጌ ደም ነክቶታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ ገድሉ።

«ጥጃ ገጨሁ፣ አባ። ጭቃው አንሸራተተኝ።»

«የማን ጥጃ?»

«እንጃ። ባለቤቱን ብጠብቅ ብጠብቅ የመጣ የለም። ጎትቸ ከመንገድ አወጣሁት።»

ገድሉ የጎበጠውን መከላከያ ዳሰሰ። በዚያ በሜጫ መንገድ ላይ ጥጃ ተገጭቶ ባለቤቱ የማይመጣ? ዶሮ እንኳ ብትገጭ አገር ነው የሚወጣው።

ቅዳሜ ጧት ወሬው ከተማ ደረሰ። በዚያው መንገድ፣ ከመሸንቲ ወዲያ፣ ባንቺአየሁ የምትባል የሦስት ልጆች እናት ሣር ተሸክማ ስትሄድ በመኪና ተገጭታ ሞታለች። መኪናው አልቆመም። አንድ ገበሬ ከሩቅ ያየው አረንጓዴ ቀለሙን ብቻ ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል፤ ገድሉ ግን ስንጥሩን ብቻ አየና ገንፎውን ረሳው።

«ልጁን ጠይቀው» አለችው ሚስቱ ሰብለ ወንጌል። «ቁጭ አድርገህ አንድ ጊዜ ጠይቀው። አይዋሽህም።»

«ጠይቄው አዎ ቢለኝስ? ከሰማሁ በኋላ እንዴት ብየ ዝም እላለሁ?»

«ሳትጠይቅ ፈረድህበት በለኛ!»

ገድሉ በዚያው ቀን ይትባረክን «ወገብህን ያምሃል፣ ወንዛዬ ሄደህ ፍል ውኃ ግባ» ብሎ አሳፈረው። ልጁ ግራ ገባው። ወገቤን መቼ አመመኝ ቢልም የሚሰማው አላገኘም። አባቱ ቀና ብሎ አላየውም፤ ያለው ልጅ እሱ ብቻ ነውና ቢያየው ያለቅስ ነበር።

ፖሊስ እንዴት እንደሚሠራ ገድሉ ያውቃል። ስንት ጊዜ አብሯቸው ለክቷል። የተመታው ሰው ላይ ምቱ ያረፈበት ቦታ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ይለካል፤ ቀጥሎ የመኪናው ብረት ይለካል። ሁለቱ ካልገጠሙ መኪናው ነጻ ነው።

እሑድ ከተማው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንበት ሽሮ የጋራዡን በር ከውስጥ ቆለፈ። መኪናዋን በክሪክ አነሣ። የፊቱን ሞላ በረጅም ቀየረ፤ የኋላውን ባሌስትራ በወፍራም ተካ፤ አራቱንም ሾክ አብዞርበር አውጥቶ ረጃጅሞቹን አስገባ። የጣና ዳር ጭቃ ያስቸገረውን ስንቱን ሰው መኪና እንዲህ ከፍ አድርጎለታል፤ በር ቆልፎ የሠራበት ቀን ግን አልነበረም። መከላከያው ላይ የደረቀውን ደምና ቀይ ጠጉር ፊቱን አዙሮ አጠበ። መኪናዋ ከክሪክ ስትወርድ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብላለች። አዲሱን ብረት ከሐይቁ ዳር ባመጣው ጭቃና በተቃጠለ ዘይት ለቀለቀው። አሮጌውን ሁሉ ማረሻ ለሚቀጠቅጥ ሰው ሰጠው፤ በማግስቱ እሳት ገባ።

ማክሰኞ ኢንስፔክተር ርሆቦት ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣች። ይትባረክን፣ ዓርብ በዚያ መንገድ አረንጓዴ መኪና ነድቷል ብለው፣ ትናንት ወንዛዬ ላይ ይዘውታል። ገድሉን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው፤ ከመኪናዋ ፊት ተንበርክካ ለካች፤ ጻፈች።

«ጋሽ ገድሉ፣ ይህ መኪና ከፍ የተደረገው መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«ልጅዎ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ተነክቶ አያውቅም ይላል።»

የማይረባ ልጅ፣ አለ ገድሉ በሆዱ። መዋሸት እንኳ አይችልበትም።

«ደንግጦ ነው የሚቀባጥረው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ይምሉልኛል?»

«ማተቤን!» አለና አንገቱ ላይ ያለውን ክር ያዘ።

ሰብለ ወንጌል በሩ ላይ ቆማ ሰማች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገድሉ የተዘረጋለት ወረቀት ላይ ፈረመ። መሪጌታ አባቱ መቃብር ውስጥ የተገላበጡ መሰለው፤ ቢሆንም ልጁን አትርፏልና አልቆጨውም።

ርሆቦት ወረቀቱን አጥፋ ያዘች፤ ፊቷ ላይ ኀዘን ነበር።

«እንግዲያ ልጅዎ ዋሽቶናል፣ ጋሽ ገድሉ፤ ሟቿ የተመታችው ከፍ ብሎ ዳሌዋ ላይ ነው፣ አሁን የለካሁት ብረትም ልክ እዚያው ይደርሳል፤ መኪናው እሱ እንዳለው ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ብረቱ እዚያ ስለማይደርስ ዛሬውኑ ልንፈታው ነበር የመጣነው።»