አትንኪ የተባለችበት ኮምፒውተር

የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቂሟን ታቅፋ ኖራለች። ያኔ የኃላፊው የአቶ ምናሴ ኮምፒውተር ቪዲዮ ማጫወቻ ክፍተት እንዳለው፣ በቪዲዮ ተሸሽጎ ቫይረስ ሊገባበት እንደሚችል ነግራ «አፕዴት ላድርግልዎት» አለቻቸው። እሳቸውን ግን በሥራ ሰዓት ኳስ ሲያዩ በእሷ መያዛቸው አንገበገባቸው። በማግስቱ የኃላፊውን ኮምፒውተር ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ እንዳትነካ የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ግልባጩ ለየክፍሉ ተበተነ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ተለጠፈ። ሻይ ለመጠጣት በወረደች ቁጥር ባልደረቦቿ «እጅሽን ሰብስቢ» እያሉ ይስቁባት ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የሌላውን ሁሉ ኮምፒውተር በየወሩ ስታድስ፣ የእሳቸውን በር አልፋ ትሄዳለች። በዚያ ማጫወቻ ላይ አዲስ ክፍተት መገኘቱን ባነበበች ቁጥር ቀኗ ብሩህ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት አቶ ምናሴ ከማያውቁት ሰው የተላከ የጎል ቪዲዮ ከፈቱ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከሰዓት ለበላይ አካል የሚቀርበው ሪፖርትም አብሮ ተቆለፈ። እሷን አስጠሩ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? ንኪው እንጂ» አሏት።

ከቦርሳዋ በላስቲክ የተሸፈነውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አውጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው። «ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ አልችልም፣ አቶ ምናሴ።»

ላባቸውን ጠረጉ። ወረቀት ስበው በእጃቸው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም አሳረፉበት። እሷ ተቀብላ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበችና መለሰችላቸው።

«ግልባጭ ለነማን እንደሆነ አልጻፉበትም።»