ትንንሹን ብቻ የሚሰርቅ ሌባ

ሮማ ውስጥ፣ ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በባቡር ሐዲዱና በአንድ የመኪና ማጠቢያ መሃል፣ የጋራ የአትክልት ቦታ አለ። ሁሉም «ኦርቶ» ይለዋል። ከፍያለው እዚያ አንድ መደብ የተሰጠው በመስከረም ነው። አብሮ የበሩን ቁልፍ ሰጡትና ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። በሚኖርበት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የራሱ የሚለው በር አልነበረም። ስለዚህ ቁልፉን ቀን ሙሉ ሳያስበው ይዳብሰው ነበር።

ቦታውን የሚያስተባብሩት ሲኞር ብሩኖ ደንቡን አስረዱት።

«አዲስ ዓመታችን እንዳለፈ እየዞርኩ አያለሁ። መደብህ ላይ የሚነቀል ነገር ካላየሁ ቁልፉን ለተረኛው እሰጣለሁ።»

ከፍያለው ጥንቁቅ ሰው ነው። ሁለቴ ሳያረጋግጥ ምንም አይጀምርም፤ ሁለቴ አረጋግጦም ይጠራጠራል። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ላይ ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ዓመት የሚበልጠውም ከትክክለኛነቱ የተነሳ ነው፤ የልደት ቀኑን ሲጠየቅ አንድም ቁጥር ሳያዛንፍ እናቱ እንደነገረችው አስመዘገበ።

ቀይ ስር ለመዝራት ወሰነ። የዘሩ ፓኬት ላይ የመዝሪያው ወር 3 ተብሎ ታትሟል። በጥቅምት የሌሎቹ መደብ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የእሱ ብቻ ባዶውን ከረመ። በችኮላቸው ታዘባቸው። ህዳር እንደባተ ሲባጎና ማስመሪያ ይዞ መጣና ዘራ። ባዶውን ፓኬት በእንጨት ሰክቶ መደቡ ራስጌ ላይ ተከለው።

ጎረቤቱ እትዬ የሺወርቅ ናቸው። ዕድሜያቸውን የሮማ ሀብታሞችን ልጆች ሲያሳድጉ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የእሳቸው ቀይ ስር ያኔ ጡጫ አክሎ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«ቀይ ስር እየዘራሁ ነው።»

«አሁን?»

«ፓኬቱ በሚለው ወር ነው እትዬ። እኔ በግምት አልሠራም።»

ፓኬቱን አዩ። ማስመሪያውን አዩ። ከዚያ ዶማቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ማስመሪያውን እንኳ ተወው፤ ቀይ ስሩን ትምህርት ቤት አታስገባውም!»

ከፍያለው ተቀየማቸው። በሥርዓት ላይ የሚስቅ ሰው ሥርዓት ያስፈራዋል፣ ብሎ አሰበ።

ዘሩ በቀለ። ሌብነቱም ወዲያው ተጀመረ።

አንድ ቀን ጠዋት ሲመጣ አፈሩ ተነካክቷል፤ የሰፊ ቦቲ ዱካ አለ፤ ከቡቃያዎቹ ቀጫጭኖቹ የሉም። ወፈር ያሉት ቀርተዋል። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ። የተረፉትም ደንግጠው ነው መሰል ጠዋት ጠዋት ቅጠላቸው ይጠወልጋል፤ ውኃ ሲያጠጣቸው በማግስቱ ቀና ይላሉ። ያም ሆኖ እድገታቸው ያስደንቅ ነበር። ከፍያለው ይህን የማስመሪያው ውጤት አደረገው።

በመጠለያው አብሮት ለሚተኛው ለአሌክስ ነገረው።

«ሮማ ውስጥ ስንት ሞባይል እያለ ቀይ ስር የሚሰርቅ?» አለ አሌክስ።

«ለዚያውም ትንንሹን።»

«ትልልቁን ትቶ? ምን ዓይነት ደደብ ሌባ ነው?»

«ደደብ አይደለም። ለጋው ቅጠል ይጣፍጣል። አሁን ደግሞ የነቢያት ጾም ነው።»

«ጾመኛ ሌባ በለኛ! ጸሎት አድርጎ ነው የሚገባው?»

ከፍያለው አልሳቀም። በኦርቶው ውስጥ ጾመኛ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ እሱ ራሱ ነው። የእትዬ የሺወርቅ መደብ ደግሞ በየሳምንቱ እየሳሳ ነበር። የራሳቸውን ጨርሰው ነው ወደኔ የተሻገሩት፣ አለ በልቡ።

አንድ ማለዳ በሩ ላይ ተገናኙ። እሱ ሲገባ እሳቸው ይወጣሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ነው። ያንጠለጠሉትን ፌስታል ወደ ሌላው ጎናቸው አዞሩት።

«ምን ይዘዋል እትዬ?»

«ጎመን።»

ከፌስታሉ አፍ አገዳዋ የቀላ፣ የክር ያህል የቀጠነች ቡቃያ ብቅ ብላ ነበር።

«ቀይ ስርስ? ዘንድሮ ጣፈጠዎት?»

«ኧረ ዘንድሮስ አልቀመስኩም፣» አሉ። ጉልበታቸውን እያሻሹ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

በጾም መዋሸታቸው ከሌብነቱ በላይ አናደደው። ሽበታቸውን አክብሮ ዝም አለ። ለሲኞር ብሩኖ ግን ሁሉም ባለበት ሊናገር ወሰነ። ንግግሩን በጣልያንኛ አጠና፤ አረመው፤ እንደገና አጠናው።

ሲኞር ብሩኖ የመጡት ለአበሻ የገና በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። የመደብ ባለቤቶች ሁሉ ተከትለዋቸዋል። ከከፍያለው መደብ አጠገብ ቆሙ። ከሲባጎው ሳይወጡ የተሰለፉ፣ ትከሻቸው ከአፈር በላይ ያበጠ ቀይ ስሮች ነበሩ።

«ብራቮ! ቁልፉ ያንተ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

«ሲኞር ብሩኖ፣» አለ ከፍያለው። «ከዚህም ይበልጥ ነበር። የሚሰርቀኝ ሰው አለ።» ጣቱን ወደ እትዬ የሺወርቅ ቦቲ ቀሰረ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው። እሳቸው ቦቲያቸውን አዩ።

ሲኞር ብሩኖ ተጎንብሰው አንዱን ቀይ ስር ነቀሉ። እጃቸው ላይ አመዛዘኑት። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ይህን የዘራኸው መቼ ነው?»

ከፍያለው ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው ኖሯል። ፓኬቱን ከእንጨቱ ነቅሎ፣ ቁጥሩን በጣቱ እየጠቆመ ዘረጋላቸው።

«በሦስተኛው ወር። ልክ እንደታዘዘው።»

ሲኞር ብሩኖ ፓኬቱን አዩ፤ እሱን አዩ፤ በጣልያንኛ ፈጥነው አንድ ነገር ጠየቁት። አልገባውም።

«መስከረም ላይ ገብተህ እንዴት መጋቢት ላይ ዘራህ ነው የሚልህ፤ የእነሱ ሦስተኛ ወር መጋቢት ነው፣» አሉ እትዬ የሺወርቅ፣ ቀስ ብለው።

ከፍያለው ፓኬቱን አየ፣ መደቡን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ የእትዬ የሺወርቅን መደብ አየ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጡጫ ጡጫ የሚያካክል ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነበር።