ድሬዳዋን የሰጠች ዕለት

ትርሲት ደስታዋን መያዝ አቅቷት ባጃጅ ውስጥ ሆና ለባሏ ደወለች።

«አገኘሁት ምስክር! ጎርፉን መገደብ አይደለም፤ ተኝቶ የሚያድርበት ሜዳ ነው መስጠት!»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! በይ ነይ፣ ምሳ ቀርቧል።»

የከተማ ፕላነሮች ልምድ ለመለዋወጥ ስብሰባ መቀመጥ ትተዋል። አንዱ የሚያውቀው በቀጥታ ወደ ሌላው ጭንቅላት ይገባል፤ ሰጪው ግን የሰጠው ነገር ከራሱ ይጠፋል። ዛሬ ጠዋት የሮተርዳሙ ፕላነር ማርተን የውሃ እውቀቱን ለትርሲት ሰጣት። እሷ ድሬዳዋን ሰጠችው።

«ከዚራ ገብተናል፤ በየት ልታጠፍ እህቴ?» አለ ሹፌሩ።

ትርሲት ግራ ቀኙን አየች። ተወልዳ ያደገችበት ሰፈር ነው፤ አንዱንም በር አላወቀችውም።

ስልኳ ጮኸ። ማርተን ነበር።

«ትርሲት፣ ከተማሽ እንዴት ታምራለች! ዓይኔን ጨፍኜ እየዞርኳት ነው!»

«ማርተን፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤቴ የትኛው ነው?»



«ከትልቁ ዛፍ በግራ፣ ሰማያዊው በር። ስትከፍቺው ቀስ በይ፤ ትንሿ ልጅሽ ከበሩ ኋላ ተደብቃ ነው የምትጠብቅሽ።»