የበረንዳው ምሰሶ

«የዛፎቹ እናት ባልሽን ከእስር ታስፈታዋለች አሉ» ትላት ነበር ሚስቲቱን የባሏ እህት፣ ከኬንያው ላሙ ወደብ እስከ ዛፍ ተከራካሪዋ ሴትዮ ቤት ድረስ።

«ማነው ያለው?»

«ሰው ሁሉ! በሬዲዮ ስታለቅስ አልሰማሽም? ለዛፍ ያለቀሰች በሰው ትጨክናለች?»

ሴትዮዋ ቫርኒሹ ገና ካልደረቀ አዲስ በረንዳዋ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቁጭ በሉም አላለች።

«ማማ፣ የተከለከለውን የባሕር ዳር ዛፍ፣ ማንግሮቩን፣ የቆረጠው ለልጆቹ ጉሮሮ ብሎ ነው» አለች ሚስቲቱ። «አንድ ቃል ተናገሪለት። አንቺን ይሰሙሻል።»

«ተናግሬያለሁ፣ እህቴ። ዛሬ ጠዋት ፍርድ ቤት ቆሜ የመሰከርኩበት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ፈረዱበት። አንድ ማንግሮቭ መቁረጥ እኮ አንድ ልጅ መግደል ነው።»

የባሏ እህት በእጇ አፏን ያዘች። ሚስቲቱ ጣሪያውን የተሸከመውን የማንግሮቭ ምሰሶ በእጇ ተደገፈች። በላሙ እያንዳንዱ ቆራጭ እንጨቱ ከሌላው እንዳይቀላቀልበት የራሱን ምልክት በመጥረቢያ ይቀርጽበታል። ከሚያጣብቀው ቫርኒሽ ሥር ጣቶቿ ሦስት ጭረት ዳሰሱ። ሁለቱ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ሦስተኛው ወደ ግራ ተጣሟል፤ ባሏ ሦስተኛውን ቀጥ አድርጎ መቅረጽ ሆኖለት አያውቅም።